ወንበሩን ለራስሽ አስተካክዪው

በእኛ ሸለቆ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚሄድና የሚቀር። የሚሄዱት በየካቲት ማብቂያ፣ በረዶው ገና ከጣሪያ ሳይወርድ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጀርመን ይሻገራሉ። እዚያ ስምንት ወር ጄላቲ ሲሸጡ ከርመው ጥቅምት ሲያልቅ ይመለሳሉ። የሚቀሩት ደግሞ የሄዱትን ሰዎች ቁልፍ ይይዛሉ። መስኮት ይከፍታሉ፣ አይጥ ያባርራሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጋራዥ ገብተው ባትሪው እንዳይሞት የቆመውን መኪና ሞተር ያስነሳሉ። የቁልፍ ያዥ ሕጉ አንድ ነው፤ ያገኘኸውን እንዳገኘኸው ተወው። ወንበር አይነሳም፣ መጋረጃ አይቀየርም፣ የተከፈተ መጽሐፍ አይከደንም። ይህን ሕግ ያፈረሰች ሴት በሸለቆው ሁለተኛ ቁልፍ አይሰጣትም።

ኒቬስ ከሚቀሩት ወገን ናት። እናቷ ቁልፍ ያዥ ነበረች፣ አያቷም እንዲሁ። ቲቶ ግን ከሚሄዱት ነበር፤ ያውም በጀርመን ሦስት የጄላቲ ቤት ካላቸው። ሁለት ክረምት ተዋደዱ። እናቱ እትዬ ኤልዳ ነገሩን ሲሰሙ ኒቬስን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስቁመው፣ ሰው እየሰማ፣ «የሚቀር የሚሄድን አያገባም። ልጄ የሚያስፈልገው ባንኮኒ ጀርባ የምትቆም ሚስት ነች፤ መስኮት የምትከፍት ሞልታለች» አሏት። ቲቶ ሳቀና፣ «ጥቅምት ስመለስ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሄደ።

አልተመለሰም። በነሐሴ፣ አንድ ሰኞ ቀን፣ በዕረፍቱ ወንዝ ሊዋኝ ወርዶ ቀረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለቲቶ ተረት አልነበረም፤ እየሳቀ ነበር የገባው ይላሉ ያዩት። ሬሳው መጥቶ እዚሁ ተቀበረ። ትንሿ መኪናው፣ የተቀቀለ ጎመን የመሰለች አረንጓዴ ፊያት ፓንዳ፣ ከቤታቸው ሥር ባለው ጋራዥ እንደቆመች ቀረች።

የቤታቸውን ቁልፍ የምትይዘውን ኒቬስን «ከእንግዲህ አታስነሺያት» ያላት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰባት በጋ ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሙት ሞተር ስታስነሳ ኖረች።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ ነበር፤ ቲቶ እንደ ባለርስት ተንጋሎ መንዳት ይወድ ነበርና። እሷ ጫፉ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ፍሪሲዮኑ ጋ ሳይደርስ፣ ቁልፉን ታዞራለች። ስፖኪዮውን ቀና ብላ ስታይ የመኪናዋ ጣሪያ ብቻ ይታያታል። አትነካውም፤ የመጨረሻ ጊዜ ያየበት ዓይን እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላታል። ከበሩ ኪስ ግራጫ የሱፍ ጓንቶች ታወጣና፣ አንጓቸው ላይ ቀይ ቀለበት ያላቸው፣ እትዬ ኤልዳ የሠሯቸው፣ እጇን አንዱ ውስጥ ከትታ አሥር ደቂቃ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ጓንቱ የሚሞቅ ይመስላት ነበር። ከዚያ መልሳ አጥፋ ታስቀምጠውና ጋራዡን ቆልፋ ትወጣለች። ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ማለት እሷ ነበረች።

የሚሄዱት ሲመለሱ ደግሞ እሷ ትሄዳለች። ያለ እሱ ሲመጡ ላለማየት ክረምቱን ቤሉኖ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ሆና ታሳልፋለች። በዓመት ሁለት ቀን ብቻ፣ ቁልፍ ሲሰጥና ቁልፍ ሲመለስ፣ የቲቶን ወንድም አሪጎን ታገኘዋለች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቁልፍ የሚያቀብል ሰው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከጀርመን አንድ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ጣሪያው እንዴት ነው፣ ቧንቧው ፈነዳ ወይ ብሎ ይጠይቅና መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፦ «መኪናዋን ስታስነሺ ወንበሩን ለራስሽ አስተካክዪው።»

ደብዳቤውን ባነበበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ወንድሙን ከወንበሩ እንድታስነሳለት ነው የሚለምናት! ምን ዓይነት ልብ ነው? መልሷም በየዓመቱ አንድ ነበር፦ «ሁሉም እንደነበረ ነው።»

*

ዘንድሮ ነገር ተለወጠ። የላይኛዎቹ መንደሮች ነርስ ጡረታ ወጣችና ቦታው ለኒቬስ ተሰጠ። ከእንግዲህ ክረምት ከበጋ እዚሁ ናት፤ ግን መንገዱ ጠባብ፣ ቁልቁለቱ የሚያዞር፣ በረዶው እስከ ጉልበት ነው፤ ያለ መኪና የሚሞከር አይደለም። በየካቲት ማብቂያ፣ ከሐሙስ አውቶቡስ ወርዳ ሳትጨርስ እትዬ ኤልዳ ቤት መስኮት ላይ በካርቶን የተጻፈ ነገር አየች፦ «ፓንዳ ለሽያጭ።»

ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ግቢ እንጂ፣ ብርዱን ታስገቢብኛለሽ!» አሉ እትዬ ኤልዳ ከውስጥ። ፖሌንታ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ እያማሰሉ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። «ሹመትሽን ሰማን። ነርስ በእግሯ ስትመጣ በሽተኛው ቀድሞ ይሞታል። ይቺን ቆርቆሮ ለምን አትወስጃትም? ሰኞ ከቤሉኖ ነጋዴ ይመጣል። እሱ ከሚበታትናት አንቺ ብትነጃት ይሻላል።»

«እትዬ ኤልዳ፣ እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ሰው ይታይሻል?» ማማሰያውን አቆሙና ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ። «ክረምቱን በየቅዳሜው እየወረድኩ ሳጥባት ሰባት ዓመቴ። ሙት መኪና አይነዳም፣ ልጄ። ወገቤም አልቻለም።»

«ልጄ» ብለዋት አያውቁም ነበር። ኒቬስ ወደ ምድጃው አንድ እርምጃ ስትራመድ በሩ ተከፈተና አሪጎ ማገዶ ታቅፎ ገባ። አያት። እንደ ሁልጊዜው ዓይኑን ሊጥል ሲል ግን አልጣለውም፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱም ተያዩ።

«ኒቬስ ፓንዳዋን ልትገዛ ነው» አሉ እናቱ።

ማገዶውን አስቀመጠ። «ለእሷ አልሸጥም።»

«ምን አልክ?»

«ለፈለገው ሰው እሸጣለሁ። ለእሷ አልሸጥም። የመኪናዋ ስም የተዛወረው ወደ እኔ ነው፤ የሚፈርመውም እኔ ነኝ።» ወጥቶ ሄደ።

ኒቬስ ጉንጮቿ ጋሉ። ያ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተመልሶ መጣባት፤ ያ ሁሉ የሚሰማ ሰው። የሚቀር ሰው ቁልፍ ይይዛል እንጂ ባለቤት አይሆንም ማለቱ ነው፣ አለች በልቧ። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን እንባዋ አልታዘዛትም።

*

እትዬ ኤልዳ ግን ልጃቸው እንቢ ስላለ ነገር የሚተዉ ሴት አይደሉም። ዓርብ ጠዋት የጋራዡን ቁልፍ ይዘው ኒቬስ በር ላይ ቆሙ። «እሱ ቢፈርምም ባይፈርምም ቤፒ ይያት። ያልታየ ዕቃ አይገዛም።»

መካኒኩ ጋሽ ቤፒ ሰባ ዓመት አልፎታል። እጁ በዘይት፣ አፉ በቀልድ የራሰ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አፍንጫውን አስገባ። ካንዴላዎቹን ፈትቶ አየ። መኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ገብቶ፣ አቃስቶ ወጣ። ከዚያ ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ቆሞ ጭንቅላቱን አከከ።

«ሰባት ዓመት ቆማለች ነው የምትይኝ?»

«አዎ ጋሽ ቤፒ። እኔ ነኝ በበጋ የማስነሳት። ከጋራዥ አውጥቻት አላውቅም።»

«እንግዲያው ቆማ ሳለ መንገዱ በሥሯ ሲሄድ ነበር።» ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «ነይ እይ። ሰባት ዓመት የቆመ ጎማ እንደ ደረቀ ዳቦ ይሰነጠቃል። ይሄ ባለፈው ዓመት የገባ የበረዶ ጎማ ነው። የፍሬኑ ሸራ አዲስ። ከሥሯ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ተጋግሮባታል፤ የዘንድሮ ጨው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይቺ መኪና ቆማ አታውቅም፣ ልጄ። አንድ ሰው ይነዳታል።»

ኒቬስ ክው አለች። በጋራዡ ጨለማ በኩል ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተለጠጠ ይታያል። ዳሽቦርዱ ላይ በየአባወራው መኪና የሚለጠፈው፣ የቤተሰብ ፎቶ የሚገባበት ቆርቆሮ አለ፤ «ቀስ በል፣ እኛን አስብ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር የእትዬ ኤልዳ ጉርድ ፎቶ አፍጥጧል፤ አጠገቡ ያለው የሚስት ቦታ ባዶ ነው። ጓንቶቹ በበሩ ኪስ እንደ ታጠፉ ናቸው። የሞቀ የሚመስላት ቀን ትዝ አላትና ገላዋን ብርድ ወረረው።

«ጎረቤት አያውቅም?»

«ጎረቤትማ ያውቃል። በቲቶ ነገር ግን ለአንቺ አፍ የሚከፍት ማን አለ? ያንን የታመመ ጥርስ ማንም አይነካውም።» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። ለሸለቆው ከእሷ የተሻለ የለም፤ ፍየል በምትወጣበት ትወጣለች። ግዥያት። ነጂዋን ግን መጀመሪያ እወቂው።»

ያን ቀን የሠራችውን ሁሉ እጇ ብቻ ነው የሠራው። ልቧ አንድ ቃል እየደጋገመ ዋለ፦ አንድ ሰው ይነዳታል። ሞኝነቷን እያወቀች፣ አፍራበትም፣ ቲቶ ቢሆንስ ብላ አሰበች። ለአንዲት ደቂቃ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ፈራች።

*

ቅዳሜ ከሰዓት አሪጎ ጋራዡ ፊት በረዶ ሲዝቅ አገኘችው።

«ማነው የሚነዳት?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጋራዡን ከፍቶ የመኪናዋን በር ያዘላት። «ግቢ» አለ።

ገባች። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚያ በኩል፣ በእንግዳው ወንበር፣ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። አሪጎ በሾፌሩ በኩል ገባ። ወንበሩን አልነካም። ስፖኪዮውን አልነካም። ጉልበቱ ከመሪው ሥር ልክ ገባ፣ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ሥር ልክ ቆመ፣ ቀና ሳይል በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየና ማርሽ አስገባ። ከዚያ ሳያይ፣ ሰው የገዛ ኪሱ ውስጥ እጁን እንደሚከት፣ ከበሩ ኪስ ግራጫ ጓንቶቹን አወጣና አጠለቃቸው።

«አውልቀው!» ጮኸች።

«ምኑን?»

«ጓንቱን! የቲቶ ነው!»

መኪናዋ ከጋራዡ ወጥታ ነበር። አላቆማትም። በቀስታ ወደ ላይኛው መንገድ አዞራት። «የቲቶ አይደለም፣ ኒቬስ። እናታችን ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው የሠራችልን። የቲቶን አብራው ቀበረችው። ጣቶቹን እሷ ናት አንድ በአንድ ያስገባችለት። ይሄ የእኔ ነው።»

ዓይኗ ከወንበሩ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ስፖኪዮው ተንከራተተ። ቲቶ አጭር ነበር። ይህን እንዴት ረሳችው? ሲስማት ቀና ማለት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ተንጋሎ ይነዳ የነበረው የወንበሩን ጀርባ ጥሎ እንጂ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አልነበረም። ሰባት ዓመት የተሳለመችው የሙት ወንበር የሕያው ሰው ነበር። ያ የሞቀ ጓንት፣ ያ ጣሪያ የሚያሳይ ስፖኪዮ፣ ያ ሁሉ የዚህ ዝምተኛ ሰው ልክ ነበር።

ቲቶ ለሁለተኛ ጊዜ ሞተባት። አሁን ደግሞ የሚቀበር ነገር እንኳ አልነበረውም።

«ሌባ!» አለችው። ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሰባት ዓመት አታለልከኝ!»

«ምን ሰረቅኩሽ?»

«እሱን! የቀረኝን! ሌላ ምን ነበረኝ እኔ?»

አሪጎ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በላይ፣ ጥዱ ከሚጀምርበት፣ መኪናዋን ዳር አስያዘና የእጅ ፍሬን ሳበ። «በየደብዳቤው ነግሬሻለሁ እኮ» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «ወንበሩን ለራስሽ አስተካክዪው አልኩሽ።»

«ወንድሜን ከወንበሩ አስነሺልኝ ያልከኝ መስሎኝ!»

«እኔን ነበር ማስነሳት የነበረብሽ።» ጓንቱን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «የመጀመሪያው ዓመት ረስቼው ነው የሄድኩት። እግርሽ ፍሪሲዮኑ ጋ እንደማይደርስ ጀርመን ሆኜ ትዝ አለኝ። አጭር ነሽ። ለዚያ ነው የጻፍኩት። አንቺ ደግሞ «ሁሉም እንደነበረ ነው» ብለሽ መለስሽልኝ። ገባኝ። ለእኔ ቦታ የለም ማለትሽ ነው ብዬ ተውኩት። ቢሆንም በየዓመቱ ጻፍኩ። ሌላ የምጽፈው አላውቅም ነበር።»

ከጥዱ ቅርንጫፍ በረዶ ተንሸራቶ ኮፈኑ ላይ ዱብ አለ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ለምንድነው የምትነዳት?» አለች በቀስታ።

«ክረምት ክረምት፣ ሰኞ ሰኞ። እስከዚህ እመጣና እመለሳለሁ።» ከንፈሩን ነከሰ። «ያ ሰኞ የእኔ ነበር፣ ኒቬስ። የዕረፍት ተራው የእኔ ነበር። ለምኖኝ ለወጥኩት። ለኒቬስ ስልክ ልደውልላት ብሎ ነው የለመነኝ። እሺ ባልለው ኖሮ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ያመሽ ነበር። ዛሬ ይቺን መኪና እሱ ይነዳት ነበር፤ አንቺም አጠገቡ። ታዲያ እኔ በምን ዓይኔ ነው ቀና ብዬ የማይሽ?»

ኒቬስ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት፤ ለንስሐ አባቷ እንኳ።

«ደውሎልኛል» አለች።

አሪጎ ዞረ።

«ደውሎልኛል። በመንደሩ ቡና ቤት ስልክ ላይ። ሙቀቱን አልቻልኩትም፣ ክፍሌ ገብቼ ልተኛ ነው አለኝ። እኔ…» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «እኔ ነኝ ሂድና ዋኝ ያልኩት። «በዚህ ቀን ሰው ይተኛል? ወንዝ አጠገብህ እያለ?» አልኩት። ሳቀና ዘጋው። እኔ ነኝ፣ አሪጎ። አንተ ቀኑን ሰጠኸው፤ ወንዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ዳሽቦርዱ ላይ እትዬ ኤልዳ ከፎቶአቸው አፍጥጠው ሁለቱንም ያያሉ። አሪጎ ክንዱን ዘረጋና አቀፋት፤ ማቀፍ የማያውቅ ሰው አስተቃቀፍ፣ በአንድ እጁ፣ የማርሹ ዘንግ መሐል ገብቶ። እሷ ትከሻው ላይ አለቀሰች። የመጀመሪያዎቹ እንባዎች የቲቶ ነበሩ። የኋለኞቹ የማን እንደሆኑ ራሷም አላወቀችም።

«ለዚህ ነው እንቢ ያልኩሽ» አለ በጸጉሯ ውስጥ። «ለነጋዴው ብሸጣት መኪና ናት። ለአንቺ ብሸጣት ግን መቃብር መሸጤ ነው። ገብተሽ ልትቀመጪበት። ያን አልችልም። አንቺን ሌላ ሰው ቢወስድሽ እችላለሁ መሰለኝ። ሙት ሲወስድሽ ማየት አልቻልኩም።»

ኒቬስ ቀና አለች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን በደንብ አየችው፤ የቲቶ ዓይን አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ የቲቶን መስሎ አያውቅም።

«ውረድ» አለችው።

«ምን?»

«ውረድልኝ። በእኔ በኩል ግባ።»

በበረዶው ዞሩና ተቀያየሩ። ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ ልማዷ። እጇ ከወንበሩ ሥር ገባና ብረቱን አገኘች። አያቷ፣ እናቷ፣ የሸለቆው ቁልፍ ያዥ ሴቶች ሁሉ ቆመው የሚያዩዋት መሰላት፤ ያገኘሽውን እንዳገኘሽው ተዪ። ብረቱን ሳበች። ወንበሩ አልነቃነቅ አለ። በእግሯ መሬቱን ገፋች። ቀጭ አለና ወደ ፊት ሄደ። ደግሞ ቀጭ። እግሯ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረገጠ።

ከዚያ ስፖኪዮውን አወረደችው። ጣሪያው ጠፋና የኋላው መስኮት መጣ፤ በመስኮቱ የመጡበት መንገድ፣ የጎማቸው ዱካ፣ ከዚያ በታች መንደሩ። ሰው ግን አልነበረም። በደንብ ፈለገች። ማንም አልነበረም። ልቧ እንደ ባዶ ቤት አስተጋባ፤ ግን መስኮቱ የተከፈተ ቤት።

«እገዛታለሁ» አለች፣ ማርሽ እያስገባች። «አሁን ትሸጥልኛለህ?»

አሪጎ በእሺታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

እስከ ታች በሁለተኛ ማርሽ ወረደች። እትዬ ኤልዳ ሻርባቸውን ተከናንበው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ወደ መኪናዋ ጠጋ ብለው፣ ዓይናቸው ባይረዳቸውም፣ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው ወንበሩን ዳበሱት። ወደ ፊት መጠጋቱን እጃቸው አወቀ። እዚያው ቆመው እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ።

«ፎቶዬን ከዚያ እንዳትነቅዪው» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቼ በሚነዱት መኪና ላይ ነው የምቀመጠው እኔ።» ከዚያ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

*

ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ፈርመው የመኪናዋ ስም ወደ ኒቬስ ተዛወረ። የቤሉኖው ነጋዴ መጥቶ፣ ካርቶኑን ፈልጎ አጥቶ፣ ተራግሞ ተመለሰ። እኩለ ቀን ላይ የሚሄዱት መሄድ ጀመሩ። በየቤቱ መስኮት ይዘጋል፣ በየደጃፉ ቁልፍ ይሰጣል። ኒቬስ አሥራ አንድ ቁልፍ በቀበቶዋ ላይ አንጠልጥላለች።

ይህን ቀን ሰባት ጊዜ አይታዋለች። ሁልጊዜ የምትጠብቀው እስኪያልቅ ነበር፤ የመጨረሻው መኪና ከመታጠፊያው ሲሰወር ከቲቶ ጋር ብቻዋን ለመሆን። ዛሬ ግን የመጨረሻው መኪና እንዳይነሳ ትለምን ነበር። ስምንት ወር! ለሙት ሰባት ዓመት የጠበቀች ሴት ለሕያው ስምንት ወር መጠበቅ አቃታት። «ጥቅምት ስመለስ» ያላትን የመጨረሻ ሰው አስታወሰችና ቁልፎቿን ጨብጣ ያዘች።

አሪጎ እናቱን መኪናው ውስጥ አስገብቶ መጣ። የጋራዡን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረና እጇን ዘጋው። እጁን አላነሳም።

«ወንዝ አልገባም» አለ። እሷ ምንም ሳትጠይቀው።

«ማል።»

«በእናቴ።»

«በእናትህ አትማል፤ ይሰማሉ።»

ፈገግ አለ። ፓንዳዋ ግን መንገዱን ዘግታ ቆማ ነበር፤ የእነሱ ትልቅ መኪና እንድትወጣ ዞር ማለት አለባት። ኒቬስ ልትሄድ ስትል፣ «እኔ ላስጠጋት፤ አንድ ጊዜ ብቻ» አለና ሮጠ።

በሩን ሲከፍት ታየዋለች። ቆመ። ወንበሩን አየው፤ ወደ መሪው ተጠግቶ፣ የአጭር ሴት ወንበር ሆኖ። እጁ በልማድ ከሥሩ ወዳለው ብረት ወረደ። ከዚያ መለሰው። ያ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ጎንበስ፣ ትከሻውን ጠበብ፣ አንድ እግሩን በግድ፣ ሌላውን በልመና አስገብቶ ተቀመጠ። ጉልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ጆሮው አጠገብ ወጡ። ሞተሩን አስነሳና እንደ ተጣጠፈ መኪናዋን ወደ ኋላ ነዳት።

«ኧረ ወንበሩን አስተካክለው!» ብላ ጮኸች።

በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ፊቱ ከጭንቀቱ ቀልቶ፣ «የሰው ወንበር አላንቀሳቅስም!» አላት። «ጥቅምት ስመጣም እንዲሁ ላግኘው!»

ሳቋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። የሚሄዱት ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ፣ አሥራ አንዱ ቁልፍ ቀበቶዋ ላይ እስኪንጫጫ ድረስ ሳቀች። የመጨረሻው መኪና ከመታጠፊያው ሲሰወር ሳቋ ገና አፏ ላይ ነበር፤ እንባዋም ጉንጯ ላይ። ፓንዳዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እግሯ ደረሰ። በስፖኪዮው ባዶውን መንገድ ታይ ጀመር፤ በዚህ መንገድ ተመልሶ ሊመጣ የሚችል ሰው እንዳለ እያወቀች፣ እንደ ማንኛዋም ባሏ እንደ ሄደባት ሴት፣ ለሕያው ሰው ፈራች።